ጆሯችን የሰማውን የታክሲ ድምፅ ስልካችን ለምን ያጠፋዋል?

ከመገናኛ ወደ ሜክሲኮ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነኝ። ጋቢና ተቀምጫለሁ። ረዳቱ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ!» ይላል። የሰበሰበውን ሳንቲም መዳፉ ውስጥ ያንቀጫቅጫል። ከኋላ አንዲት እናት «ወራጅ አለ፣ የኔ ልጅ» ይላሉ። በሩ ተንሸራቶ ይከፈታል፤ ጓ ብሎ ይዘጋል። «ሳበው!» ሞተሩ ከወንበሬ ስር ያጉረመርማል።

እህቴ ሜሪላንድ ከሄደች ብዙ ዓመት ሆናት። በደወለች ቁጥር «ታክሲው ራሱ ናፈቀኝ» ትላለች። ለምን አልቀዳላትም አልኩ። ስልኬን አውጥቼ አምስት ደቂቃ ያህል ቀዳሁና ላክሁላት። የመለሰችልኝ አንድ ጥያቄ ነው። «ስልክህ ውኃ ገብቶበታል እንዴ?»

እኔም ኤርፎን ሰክቼ ሰማሁት። እውነቷን ነው። ሞተሩ የለም ማለት ይቻላል። የረዳቱ ድምፅ ይመጣል፣ ይጠፋል፣ ደግሞ ይመጣል። ሳንቲሙ ከጉድጓድ የሚሰማ ይመስላል። ያን ሁሉ ነገር ጆሮዬ በደንብ ሰምቶታል፤ ስልኩ ግን አልያዘውም። ከዚያ በኋላ ምክንያቱን ሳጣራ ብዙ ጊዜ አጠፋሁ። የተረዳሁትን በቀላሉ ላካፍላችሁ።

ችግሩ የማይኩ አይደለም። የዛሬ ስልክ ማይክ ትንሽ ቢሆንም ብዙ ይሰማል። ችግሩ ማይኩ ከሰማ በኋላ የሚመጣው ሥራ ነው። ስልክ የተሠራው ሰው እንዲነጋገርበት ነው። ስለዚህ ከንግግር ውጭ ያለውን ሁሉ እንደ ጫጫታ ይቆጥረዋል። ደግሞ ጫጫታን በብዛት የሚለየው በአንድ ቀላል ምልክት ነው፤ ሳይቀያየር የሚቆይ ድምፅ ጫጫታ ነው፣ ከፍ ዝቅ የሚል ድምፅ ንግግር ነው። የሞተር ጉርምርምታ፣ የጎማ ሹርታ፣ የባቡር እዝታ ደግሞ ሳይቀያየሩ የሚቆዩ ናቸው። እኛ የምንፈልገውን እሱ ይጠርገዋል።

ሁለተኛው ነገር ራሱ በራሱ የሚሠራው የድምፅ መጠን ማስተካከያ ነው። በሩ ጓ ሲል ስልኩ ይደነግጥና ሁሉን ድምፅ ይቀንሳል። ከአንድ ሁለት ሰከንድ በኋላ ቀስ እያለ መልሶ ይጨምራል። ታክሲ ውስጥ በየፌርማታው በር ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ ክላክስ ይነፋል። ቀረጻው እንደ መተንፈስ ከፍ ዝቅ የሚለው ለዚህ ነው።

ሦስተኛው ፋይሉን የማሳነስ ጉዳይ ነው። ስልኩ ቦታ ለመቆጠብ ጆሮ ብዙም አያስተውለውም ብሎ የገመተውን ይጥላል። በቴሌግራም የድምፅ መልእክት አድርጋችሁ ስትልኩት ደግሞ የበለጠ ይጨመቃል። እኔ ያደረግኩት ይህንኑ ነበር።

መፍትሔው ከባድ አይደለም። አይፎን ላላችሁ፣ የድምፅ መቅጃው ሴቲንግ ውስጥ የድምፅ ጥራት የሚል ቦታ አለ፤ «ሎስለስ» የሚለውን ምረጡ። ምንም ሳይጣል ይቀመጣል ማለት ነው። አንድሮይድ ከሆነ፣ ከ7.0 ጀምሮ ስልኩ ያልተነካካ ድምፅ ለመተግበሪያዎች እንዲሰጥ የሚያስችል መንገድ ተበጅቶለታል። ሁሉም ስልክ ግን አይደግፈውም፣ ሁሉም መቅጃም አይጠቀምበትም። ስለዚህ ያልተነካካውን የድምፅ ምንጭ እንድትመርጡ የሚፈቅድና ድምፁን ሳይጨምቅ ዋቭ በሚባል ፋይል የሚያስቀምጥ መቅጃ አውርዱ። ጫጫታ መቀነሻና የመጠን ማስተካከያ የሚሉትን አጥፉ። ዋቭ ትልቅ ፋይል ነው። ድምፁ በሰከንድ 48,000 ጊዜ እየተለካ፣ እያንዳንዱ ልኬት በ24 ቢት እየተጻፈ፣ በግራና በቀኝ ሁለት መስመር ቢቀዳ ለአንድ ደቂቃ 17 ሜጋባይት ያህል፣ ለአንድ ሰዓት 1 ጊጋባይት ያህል ይወስዳል። ግን ስንት ሰዓት ትቀዳላችሁ? ሃያ ደቂቃ ይበቃል። ስትልኩም እንደ ፋይል አያይዙት እንጂ እንደ ድምፅ መልእክት አትላኩት።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ስልኩ ነው። እኔን የበለጠ የማረከኝ ግን ድምፁ ራሱ ነው። ታክሲ ውስጥ «ጫጫታ» የምንለው እኮ እያንዳንዱ ባለቤት አለው።

ከሞተሩ እንጀምር። ዶልፊንና አባዱላ የምንላቸው የቶዮታ ሚኒባሶች ሞተራቸው የተቀመጠው ከፊት ወንበሮች ስር ነው። ጋቢና የተቀመጠ ሰው ሞተሩን በጆሮው ብቻ ሳይሆን በመቀመጫውም ይሰማል። ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር አንዴ በዞረ ቁጥር ሁለት ጊዜ ነዳጅ ያቃጥላል። ቆሞ ሲሠራ በደቂቃ 800 ጊዜ ይዞራል እንበል። 1,600 ትንንሽ ፍንዳታ ማለት ነው። በሰከንድ ሲካፈል 27 ገደማ ይሆናል። ይህ 27 ሄርዝ ነው። የሰው ጆሮ የሚሰማው ከ20 እስከ 20,000 ሄርዝ ስለሆነ እታችኛው ጫፍ ላይ ነን። ሾፌሩ ነዳጅ ሰጥቶ በደቂቃ 2,400 ሲደርስ ድምፁ 80 ሄርዝ ይሆናል። ማርሽ ሲቀይር ደግሞ ይወርዳል። ያ ከፍ እያለ ሄዶ ዝቅ የሚለው የታክሲ ዜማ ከዚህ ነው የሚመጣው።

አንድ ነገር ልብ በሉ። የስልክ ስፒከር 27 ሄርዝም ሆነ 80 ሄርዝ ማሰማት አይችልም። በጣም ትንሽ ነው። ቀረጻችሁን በስልኩ ስፒከር አድምጣችሁ «ሞተሩ የለም» ብላችሁ አትዘኑ። መጀመሪያ ጥሩ ኤርፎን ሰክታችሁ ስሙት።

ሁለተኛው ባለቤት ራሱ የመኪናው ሆድ ነው። የሚኒባስ ውስጡ እንደ ክራር ሳጥን ነው። የራሱ የሚወደው ድምፅ አለው። ርዝመቱ አራት ሜትር ገደማ ቢሆን፣ ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ስለሚሄድ፣ ከፊት ግድግዳ ኋላ ደርሶ ለመመለስ 8 ሜትር ይጓዛል። 343ን ለ8 ስናካፍል 43 ይመጣል። ስለዚህ ሞተሩ በደቂቃ 1,300 ዙር አካባቢ ሲያልፍ ፍንዳታዎቹ ከዚህ 43 ጋር ይገጥማሉ። ያኔ መኪናው በሙሉ «ሁምምም» ይላል። ሆዳችን ውስጥ ይሰማናል። ከቆመበት ሲነሳ ለአፍታ የሚመጣው ያ ከባድ ድምፅ ይህ ነው። የሚገርመው ይህ ድምፅ በሁሉም ወንበር እኩል አይደለም። ከፊትና ከኋላ ጫፍ ይጎላል፤ መሃል ላይ ይደክማል። ስለዚህ ጉርምርምታውን የፈለገ የመጨረሻውን ወንበር ይያዝ። የሰዎችን ድምፅና የሳንቲሙን ቅጭልጭልታ የፈለገ መሃል ይቀመጥ።

ሦስተኛው መስኮት ነው። ከኋላ አንድ መስኮት ብቻ ተከፍቶ መኪናው ሲፈጥን «ዉብ ዉብ ዉብ» የሚል፣ ጆሮ የሚጫን ነገር ይመጣል። ጠርሙስ አፍ ላይ ስንነፋ ከሚወጣው ድምፅ ጋር አንድ ነው። ውጭ የሚያልፈው ነፋስ የመስኮቱን አፍ ይገርፋል፤ ውስጥ ያለው አየር እንደ ስፕሪንግ ይጨመቃል፣ ይለቀቃል። ጠርሙሱ ትልቅ ስለሆነ ድምፁ በጣም ወፍራም ይሆናል። ከመስማት ይልቅ እንደ ምት ይሰማናል። ሌላ መስኮት ትንሽ ቢከፈት ይጠፋል። እኛ አገር ግን ሌላ ከመክፈት ይልቅ የተከፈተውን ማዘጋት ነው የሚቀናን። «ብርድ ነው፣ ዝጋው!» የሚለው ድምፅም ከታክሲው ድምፅ አንዱ ነው። ይቀዳ።

አሁን ወደ አያያዙ። ከሁሉ የሚከፋው ጠላት ንዝረት ነው። ስልኩን ዳሽቦርድ ላይ ካስቀመጣችሁት ማይኩ የሚሰማው አየሩን ሳይሆን የፕላስቲኩን መንቀጥቀጥ ነው። ወንበር ብረት ላይም እንዲሁ። ጭናችሁ ላይ፣ በቦርሳ ወይም በተጣጠፈ ሹራብ ላይ አድርጉት። ሥጋችንና ጨርቁ ንዝረቱን ይውጡታል። ማይኩ ወደ ላይ፣ ከተቻለ ወደ ጆሯችሁ ከፍታ ይቅረብ። ጣታችሁ አይንቀሳቀስ፤ የጣት እንቅስቃሴ በቀረጻ ውስጥ እንደ ነጎድጓድ ነው። ነፋስ ካለ የነጠላ ጫፍ አንድ ሁለት ጊዜ አጥፋችሁ ማይኩ ላይ ጣል አድርጉ። ስስ ጥጥ ነፋሱን ይሰብራል፣ ድምፁን ግን ያሳልፋል። ስልኩን ኤርፕላን ሞድ ላይ ማድረግም አይዘንጋ። አለዚያ ጥሩው ቦታ ላይ ስትደርሱ ስልክ ይደወላል።

መጠኑን ራሳችሁ የምታስተካክሉበት መቅጃ ከሆነ፣ የተለመደው የጉዞ ድምፅ ከዜሮ በታች 20 ዴሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ ነው)፣ ትልቁ ድምፅ ደግሞ ከዜሮ በታች 12 ዴሲቤል አካባቢ ቢሆን ጥሩ ነው። ያ ክፍተት ለክላክስና ለበሩ ነው። በዲጂታል ቀረጻ ዜሮን ያለፈ ድምፅ ይቆረጣል። ከተቆረጠ በኋላ ደግሞ እንደነበረ አይመለስም። ዝቅ ብሎ የተቀዳውን ግን ኋላ መጨመር ይቻላል። ስለዚህ ስትጠራጠሩ ዝቅ አድርጉ።

ትንሽ ገንዘብ ማውጣት ለሚችል ሰው ደግሞ እንደ ኤርፎን ጆሮ ላይ የሚደረጉ ሁለት ትንንሽ ማይኮች አሉ። እነዚህን በጣም እወዳቸዋለሁ። ከቀኝ የመጣ ድምፅ ግራ ጆሮ የሚደርሰው ከሰከንድ አንድ ሺህኛ ባነሰ ጊዜ ዘግይቶ ነው። አንጎላችን በዚያች ቅጽበት አቅጣጫውን ያውቃል። በነዚህ ማይኮች የተቀዳውን በኤርፎን ስትሰሙ ረዳቱ በትክክል ከጀርባችሁ በስተግራ ቆሞ ነው የሚጣራው። ዓይን ጨፍኖ መስማት ነው።

የባቡር ነገር ሌላ ዓለም ነው። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ለከተማው አዲስ ድምፅ ይዞ መጣ። በ750 ቮልት ቀጥታ ኤሌክትሪክ የሚሄድ ስለሆነ የሚያጉረመርም ሞተር የለውም። ሲነሳ የምትሰሙት ቀጭን፣ ወደ ላይ እየወጣ የሚሄድ ዋይታ ነው። ዘመናዊ የኤሌክትሪክ ባቡሮች ለሞተሩ የሚሰጡትን ኃይል በሰከንድ ብዙ ጊዜ እያበሩና እያጠፉ ይመጥኑታል። ያ ማብራት ማጥፋት ነው የሚዘምረው። ጃፓን ውስጥ ኬይኪዩ የሚባል የባቡር ድርጅት ባቡሮች ሲነሱ የሙዚቃ ኖታ በቅደም ተከተል ይመስል ያሰሙ ነበር። ሰዎች «ዶ-ሬ-ሚ ባቡር» ብለው ጠሯቸው። መሣሪያው በአዲስ ሲተካ፣ የመጨረሻው ዘማሪ ባቡር እ.ኤ.አ. በ2021 ጸጥ አለ። ግን ሰዎች ቀድተውት ስለነበር ዛሬም ይሰማል።

ባቡሩ ሲጠመዘዝ የሚሰማው ሲጢጥታ ደግሞ የጎማው ነው። ሁለቱ የብረት ጎማዎች በአንድ ዘንግ የተያያዙ ናቸው። መዞሪያ ላይ ጎማው ወደ ጎን መንሸራተት ይገደዳል። ይይዛል፣ ያመልጣል፣ ይይዛል፣ ያመልጣል። ማሲንቆ የሚጫወት ሰው ደጋን ጭራውን ሲስበው የሚሆነው ይህ ነው። ብረቱ እንደ ደወል ይጮኻል። በድልድይ ላይ ሲሄድ ኮንክሪቱ አብሮ ስለሚርገበገብ ድምፁ ይወፍራል። የሰሜን–ደቡቡ መስመር በጊዮርጊስ በኩል ከመሬት በታች የሚያልፍ ክፍልም አለው። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ድምፁ ከግድግዳ ተመልሶ ይመጣና ፉርጎውን ይሞላዋል። ስለዚህ ባቡር ስትቀዱ አንድ ቦታ ላይ አታቋርጡ። ከመሬት ወደ ድልድይ፣ ከድልድይ ወደ መሬት ሲያልፍ የሚመጣው ለውጥ ነው ጣዕሙ።

ከጅቡቲ የሚመጣው የድሮው ባቡር ደግሞ ምት ነበረው። አዲስ አበባ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1917 ነው፤ መስመሩ 784 ኪሎ ሜትር ነበር። በየመጋጠሚያው ትንሽ ክፍተት ያለው ሐዲድ ላይ ጎማ ባለፈ ቁጥር «ታ-ታም» ይላል። በዚህ ምት ፍጥነት ማስላት ይቻላል። አንዱ የሐዲድ ቁራጭ 12 ሜትር ቢሆንና በ10 ሰከንድ ውስጥ 8 ጊዜ «ታ-ታም» ብትቆጥሩ፣ ባቡሩ 96 ሜትር ሄዷል። ይህ በሰዓት 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ድሮ የተቀዳ የባቡር ድምፅ ቢገኝ፣ ሐዲዱ ስንት ሜትር እንደነበር የሚያውቅ ሰው ከድምፁ ብቻ ባቡሩ ሲፈጥንና ሲያዘግም መከተል ይችላል። ዛሬ በብዙ አገር ሐዲዶች ተበየደው እየረዘሙ ስለሚሠሩ ያ ምት እየጠፋ ነው። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡርም ሐዲዱ ሰፊ፣ ጉልበቱ ኤሌክትሪክ ነው። ድሬዳዋ ያደጉ አዛውንቶች ስለ ባቡር ሲያወሩ በአፋቸው ያንን የድሮ ምት ሲያወጡ ስሰማ፣ ሁሌ አንድ ነገር ይቆጨኛል። ያኔ ብዙ ሰው መቅጃ አልነበረውም። ዛሬ ሁላችንም ኪስ ውስጥ አለ።

ይህ ነገር ለናፍቆት ብቻም አይደለም። መኪናችሁ አልፎ አልፎ ብቻ የሚያሰማው እንግዳ ድምፅ ካለ ቅዱት። ጋራዥ ስትደርሱ ዝም ማለት የመኪና ልማድ ነው። ስትቀዱ ግን «አሁን ፍሬን ያዝኩ»፣ «አሁን ሁለተኛ ማርሽ ገባ» እያላችሁ ተናገሩበት። በጎማ ዙር ልክ የሚፈጥንና የሚዘገይ ድምፅ ከጎማ ወይም ከኩሽኔታ አካባቢ ነው። ከሞተር ዙር ጋር ከፍ ዝቅ የሚል ከሆነ ከሞተሩ በኩል ነው። ለጥሩ መካኒክ ይህን ለይታችሁ ካመጣችሁለት ግማሽ መንገድ ሄዳችኋል። ፋብሪካዎችም እንዲሁ ይለካሉ። የመኪና ውስጥ ድምፅ የሚለካበት ኢሶ 5128፣ የባቡር ውስጥ ድምፅ የሚለካበት ደግሞ ኢሶ 3381 የሚባል ዓለም አቀፍ ደረጃ አላቸው።

አሁን አንድ ከባድ ነገር አለ። ታክሲ ውስጥ ሰው አለ። ሰው ደግሞ በስልክ ስለ ቤቱ፣ ስለ ሕመሙ፣ ስለ ዕዳው ያወራል። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 26 የግል ሕይወትን ይጠብቃል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል። ውጭ አገር ላሉትም ያው ነው። እህቴ ያለችበት ሜሪላንድ የግል ንግግርን ለመቅዳት የሁሉንም ተናጋሪዎች ፈቃድ ይጠይቃል። በዲሲና በቨርጂኒያ የአንዱ ፈቃድ ይበቃል። ያ «አንዱ» ግን ከተነጋጋሪዎቹ አንዱ ነው። አጠገብ ተቀምጦ የሚቀዳው ተሳፋሪ ከነሱ አይቆጠርም። ሜሪላንድ ካለው ሲልቨር ስፕሪንግ ተነስቶ መሃል ዲሲ የሚገባ ሰው በአንድ ባቡር ሁለት ሕግ ያቋርጣል።

እኔ የያዝኩት መንገድ ቀላል ነው። ረዳቱንና ሾፌሩን እጠይቃለሁ። «የታክሲውን ድምፅ ልቀዳ ነው፣ ይቻላል?» ሲባሉ ብዙዎቹ ደስ ይላቸዋል፤ እንዲያውም ጥሪያቸውን ያሳምሩታል። አጠገቤ ሰው ስለ ግል ጉዳዩ ማውራት ከጀመረ አቆማለሁ። ሳላውቅ የገባ ንግግር ካለ ቆርጬ አወጣለሁ እንጂ ለማንም አልልክም። ይህንን የማላደርግ ከሆነ ባልቀዳ ይሻለኛል።

ለምን አሁን ብትሉኝ መልሱ መንገዱ ላይ ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪና በየሰፈሩ እየበዛ ነው። አየሩ ይጸዳል፣ ደግሞም ጸጥ ይላል። ጥሩ ነገር ነው። ጸጥታው ግን ለዓይነ ስውራን አደጋ ስላለው፣ የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2019 ጀምሮ አዲስ የሚወጡ የኤሌክትሪክ መኪና ዓይነቶች በዝግታ ሲሄዱ ሰው ሠራሽ ድምፅ እንዲያሰሙ ደንግጓል። ከወንበር ስር የሚያጉረመርመው ናፍጣ ሞተርም አንድ ቀን እንደ ድሮው ባቡር ምት ይሆናል።

ስትቀዱ መጀመሪያ ላይ በራሳችሁ ድምፅ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ መስመሩንና የተቀመጣችሁበትን ወንበር ተናገሩ። የፋይል ስም ይጠፋል፣ ይቀየራል። ውስጡ የተነገረ ግን አብሮ ይኖራል።

ባለፈው ቅዳሜ እንደገና ወጣሁ። ያው መስመር ነው። የመጨረሻው ወንበር ላይ፣ ስልኩን ሹራቤ ላይ አድርጌ፣ ሁሉን ማስተካከያ አጥፍቼ፣ ሾፌሩንም ረዳቱንም አስፈቅጄ አሥራ ስምንት ደቂቃ ቀዳሁ። ፋይሉን ሳልጨምቅ ላክሁላት። ለረጅም ሰዓት አልመለሰችም። በኋላ ግን ጻፈችልኝ።

«ከኋላ መስኮት ተከፍቷል አይደል? ዝጉት በላቸው፣ ብርድ ነው።»